በባሕር ማዶ የሚሸጥ ስም

ገንዘብ ማለት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የአንዱን ልፋት ከሌላው ፍላጎት ጋራ የሚያገናኝ ነው። እንግዲህ ለመገበያያ ሳይሆን ለባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ተብሎ ከብር የሚሠራውን የመታሰቢያ ገንዘብ ምን እንበለው? የአገራችን ስም ተቀርጾበታል፤ ዋጋውም ተጽፎበታል፤ ዳሩ ግን በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ ገበያ፣ ነጠላ አይገዛበትም።

ከጉለሌ በላይ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዳግማዊ ምኒልክ መልካቸው ያለበትን ብር ፓሪስ ላይ አሠርተው ነበር፤ የ1887 ዓ.ም. ቁጥር አለበት። ሐሳባቸው ሕዝቡ የለመደውን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ትቶ በገዛ አገሩ ገንዘብ እንዲገበያይ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የእርሳቸው መልክ ከዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከዐፄ ዮሐንስና ከንግሥት ዘውዲቱ መልክ ጋራ እንደ ገና በብር ሲቀረጽ ግን የታሰበው ሰብሳቢው እንጂ ገበያተኛው አልነበረም።

ነገሩ ነውር ነው አንልም። የሽሮ ሜዳው ሸማኔም ጥበቡን ለውጭ አገር ሰው ይሸጣል። ነገር ግን እርሱ የሚሸጠው የእጁን ሥራ ነው። የመታሰቢያው ገዢ ጥሬውን ብር ከየትም ያገኘዋል፤ ከብሩና ከአንጥረኛው ድካም በላይ የሚከፍለው ስለ ስሙ ነው። ይህም ስም የሸማኔውም፣ የገበሬውም፣ የሁላችንም ርስት ነው። የጋራ ርስት ደግሞ ያለ አደራ አይሰጥም።

አደራውም እውነት መናገር ነው። በ1970 ዓ.ም. በወጣው 25 ብር ላይ የደጋ አጋዘን ተቀርጿል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ የመጥፋትም አደጋ ያሠጋዋል። የሩቅ ሰው ይህን ሲያይ ስለ እኛ እውነቱን ያውቃል። የ1974 ዓ.ም.ቱ 20 ብር ግን ስለ ዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ የወጣ ነው፤ የኢትዮጵያ ቡድን ግን በዚያ ዓመት በስፔን ሜዳ አልተሰለፈም። እኛ ባልተገኘንበት ድግስ ስማችን ብቻውን ታየ።

የውጭ ምንዛሪ ካስገኘ ምን ይጎዳል የሚል አይታጣም። ጠገራ ብር በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና ጌጥ ሆኗል፤ የረከሰ ስም ግን ቀልጦ እንደ ገና አይሠራም። ስለዚህ ለባሕር ማዶ የሚላከው ሁሉ አስቀድሞ ለጉለሌ ሕፃን ቢታይ መልካም ነው። ሕፃኑ አይቶ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት ካልቻለ፣ ባይቀረጽ ይሻላል።