ጥፋቱ የፈረሱ ነው ወይስ የኮርቻው?

ፈረስ ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ቢጥል፣ ሲጭኑትም ቢራገጥ «ተንኮለኛ» ይባላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ቡላውን ፈረስ በአለንጋ መትቻለሁ። ኋላ ኮርቻውን ሳወርድ ጀርባው በላብ ርሶ ሳለ ከጫንቃው ግራና ቀኝ መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ አየሁ። የኮርቻው እንጨት እዚያ ላይ አጥብቆ ስለሚጫን ላቡ አልወጣም። በጣቴ ብነካው ቆዳው ተንቀጠቀጠ።

ከሥሩ መደላድል መደረብ መድኃኒት ይመስላል። ዳሩ ግን ኮርቻው ጠባብ ከሆነ በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ እንደ ማጥለቅ ነው፤ ይብስበታል። አከርካሪውን የማይነካ ሰፋ ያለ ኮርቻ መፈለግ፣ ቁስሉም እስኪሽር አለመጫን ይሻላል።

የበለዓም አህያ (ዘኍ. 22) ሦስት ጊዜ ተመትታ አፍ አውጥታ እስክትናገር ድረስ ጌታዋ ራሱን አልጠረጠረም። ቡላውስ በመራገጡ ተናገረ እንበል። ዳማው ግን በዚያው ኮርቻ ዝም ብሎ ስለሚጫን «ታጋሽ» እያልን ስናመሰግነው ኖርን። ዛሬ በጫንቃው ላይ ነጭ ጠጉር በቅሏል፤ የቆየ ገጣባ ምልክት ነው። መቼ እንደ ቆሰለ ከቤታችን የሚያውቅ የለም።