«ሚ» የቷ ናት?

ልጄ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ መግባትሽን እናትሽ ስትነግረኝ ቅር እንዳላት ከድምጿ ገብቶኛል። አንቺም ልብሽ ዩኒቨርሲቲ ላይ ነበረ። የምጽፍልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሥራ ልትጀምሪ ስለሆነ ነው።

ኮሌጅሽ ያለበት የደብረ ብርሃን ብርድ ክፉ ነው፣ ጋቢ እንዳትረሺ። ደመወዙም ትንሽ ነው፤ እሱን አልዋሽሽም።

ኮሌጁ ትንሽ መሆኑን ግን አትናቂው። መምህሩ በስምሽ ይጠራሻል፤ የትምህርት ዕቅድሽን መስመር በመስመር ሊያርምልሽ ጊዜ አለው። ካለፈው ዓመት ተማሪ ዕቅድ ገልብጠው የሚያስረክቡ ይኖራሉ። አንቺ አትገልብጪ። «ተማሪዎች ፊደላትን ይለያሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የትኛው ልጅ፣ የትኛዋ ፊደል ላይ እንደሚደናቀፍ ማሰብ ነው ሥራው።

ጀማሪ ሳለሁ አንደኛ ክፍል ተሰጠኝ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ 231ዱንም፣ እንደ ዜማ ያወርዳቸዋል። በጣም ኮራሁበት። አንድ ቀን የፊደል ገበታው መሐል ላይ «ሚ»ን በእንጨት ጠቁሜ «ይቺስ?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ...» እያለ፣ ሀን፣ ለን፣ ሐን ጨርሶ፣ 24ኛዋ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራና «ሚ!» አለኝ። ልጁ ዜማውን እንጂ ፊደሏን አያውቃትም ነበር። እኔም ይህን ወራት ሙሉ አላስተዋልኩም።

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁት ኖሯል። ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው፤ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ እያለ ተራውንም ቤቱንም ያዛንቀዋል፣ በቃል ያጠና ልጅ መደበቂያ ያጣል። በልጅነቴ ቆጥሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ቋንቋው የራሱ ስለሆነ ብቻ ልጁ አንባቢ አይሆንም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለልምምድ ትምህርት ቤት ስትላኪ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከኋላ ተቀመጪ። መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን እዪ። በኅብረት ሲጮኹ ከሌላው ድምፅ ሥር የሚጠለለውን ልጅ ፈልጊው፤ አፉን ከጎረቤቱ ዘግየት አድርጎ ነው የሚከፍተው። ምረጪ ቢሉሽም አንደኛ ክፍልን ምረጪ። ብዙ ነባር መምህር ይሸሸዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የከበደውና የከበረው እሱ ነው።

ክፍል ገብተሽ ገበታውን ከመሐል የጠቆምሽ ቀን ደብዳቤ ጻፊልኝ። ስንቱ ከ«ሀ» እንደጀመረ ማወቅ እፈልጋለሁ።