ስለ ቡሃቃውና ስለ እንግዳው

በአገራችን ባለሙያ የምትባል እመቤት እንግዳ በደጇ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ በተጣራ ጊዜ ዱቄት ልትነፋ አትነሣም፤ የጤፉ ዱቄት ከውሃና ከእርሾ ጋር በቡሃቃው ውስጥ ከተገናኘ ሁለትና ሦስት ቀን ሆኖት፣ አብሲቱም ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዱን ብቻ የሚጠብቅ ካልሆነ በቀር፣ ትኩስ እንጀራ ለማቅረብ እንደማይቻላት ታውቃለችና። እንግዳው ማን እንደሆነና በየትኛው ሰዓት እንደሚደርስ አስቀድሞ የነገራት የለም፤ እርስዋ ግን ስሙን ለማታውቀው ሰው ከሦስት ቀን በፊት አቡክታለች።

ስለ ሃይማኖታችን የሚጠይቀን ሰው እንዲህ ያለ እንግዳ ነው። ቀጠሮ አይሰጥም፤ በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከጎናችን ተቀምጦ፣ ወይም በመሥሪያ ቤት በቡና ሰዓት፣ ወይም ሌሊት በሆስፒታል አልጋ አጠገብ፣ «አንተ ይህን ሁሉ የምታምነው በምን ምክንያት ነው?» ይለናል። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ የተስፋችንን ምክንያት ለሚሻ ሁሉ የምንመልሰው እንዳናጣ ሲያዝዝ፣ በጽርእ ቋንቋ የተጠቀመበት ቃል «አፖሎጊያ» የሚለው፣ ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆሞ የሚሰጠው መልስ የሚጠራበት ቃል ነው። መልእክቱ የተላከላቸው በጳንጦስና በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ የተበተኑ ምእመናን ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል በጌቶቻቸው ቤት የሚያገለግሉ ሎሌዎችና ባሎቻቸው ያላመኑ ሚስቶች ይገኙ ነበርና፣ ትእዛዙ ለሊቃውንት ብቻ የተሰጠ አድርገን ከራሳችን ላይ ልናወርደው አንችልም።

የጋዛን መንገድ አስቡ። ፊልጶስ ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ አልነበረም፤ በኢየሩሳሌም በማዕድ እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ከሰባቱ ዲያቆናት የተቈጠረ ነው። እርሱ በምድረ በዳው ጐዳና ሮጦ ወደ ሠረገላው ሲደርስ፣ የንግሥት ህንደኬ መጋቤ ሀብት የሆነው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁ እየተሰማ ያነብ ነበር። ጥቅልሉ በማን እጅ እንደነበረ ልብ በሉ። መጽሐፉ የነበረው በጠያቂው እጅ ነው፤ ፊልጶስ አንዳች ጥቅልል ይዞ ነበር የሚል ቃል በታሪኩ ውስጥ አይገኝም። ጃንደረባው፣ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን ነው ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ ፊልጶስ «ቆየኝ፣ ተመልሼ ልመልከት» አላለም፤ እርሱ የለመደውን ሌላ ክፍል ፈልጎ ከዚያ እንጀምር ብሎም ሰውየውን አላስገላበጠውም፤ የጃንደረባው ጣት ካረፈበት፣ ነቢዩ ስለሚታረደው በግ ከተናገረው ከዚያው ቃል ተነሥቶ ወደ ክርስቶስ አደረሰው። መጽሐፍን ማወቅ ማለት በእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ከየትኛውም ቦታ፣ ሰው ግራ ከተጋባበት ከዚያው ስፍራ፣ መነሣት መቻል። ሦስት ጥቅሶችን በቃሉ ይዞ ለሚጠይቀው ሁሉ እነዚያኑ የሚመላልስ ሰው፣ ልቡ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ እንግዳው የራበውን ሳይጠይቅ ያለውን ብቻ የሚያቀርብ ነው።

የጃንደረባውም ትሕትና ሊታለፍ አይገባውም። የቤተ መንግሥት ሹም ሆኖ ሳለ፣ የሚመራኝ ሳላገኝ እንዴት አስተውላለሁ ለማለት አላፈረም።

እዚህ ላይ ስለ እኛው የትምህርት ሥርዓት አንድ ነገር ልናገር፤ ስናገርም የኔታን በማክበር ነው። በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ከቈጠረ በኋላ ከዮሐንስ መልእክት ተነሥቶ፣ ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ፣ መቶ ኀምሳውን መዝሙረ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ሲደክም፣ የሚያነበው ሁሉ ግእዝ ነውና ፍቺው ብዙ ጊዜ አይገለጥለትም ነበር፤ ምሥጢሩ የሚፈታው ከብዙ ዓመት በኋላ በመጻሕፍት ቤት፣ ቃሉን «አንድም» እያሉ በሚተረጕሙ መምህራን እግር ሥር ለቈየ ብቻ ነው። ይህ ድካም ጎተራችንን በመልካም ጤፍ ሞልቶታል፤ ነገር ግን በጎተራ ያለ ጤፍ እንግዳ አያበላም፤ መፈጨት፣ መነፋት፣ መቡካት ይገባዋል። ቋንቋው ራቀን የሚለው ምክንያትም ካለፈ ቈይቷል። አባ አብርሃም በካይሮ ከተማ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል የደከመበት የአማርኛ ትርጉም መሠረት ሆኖ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1840 ታትሟል፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም በ1954 ዓ.ም. እንደ ገና ተተርጕሞ በየቤቱ ገብቷል። በብዙ ቤት ግን ከትራሱ ሥር እንደ ክታብ ይኖራል፤ በሽታ ሲነሣ ይነሣል፣ አቧራው ይራገፍና ይመለሳል። ይህን ባየሁ ቊጥር ልቤ ያዝናል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የልጆች ጥያቄ ነው። በኦሪት ዘጸአት እስራኤል ፋሲካን እንዲጠብቁ በታዘዙ ጊዜ፣ ልጆቻቸው የሥርዓቱን ትርጉም ሲጠይቋቸው የሚመልሱት አብሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ሕግ ሰጪው የልጅን ጥያቄ እንደ ድፍረት አልቈጠረውም፣ ይልቁንም ይጠብቀው ነበር። እኛስ? የሰባት ዓመት ልጅ በዐቢይ ጾም «እማዬ፣ ወተት ለምን አንጠጣም?» ቢል፣ «ዝም ብለህ ጹም!» እንለዋለን፤ ልጁም ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን ጥያቄ ግን ይዞት ያድግና፣ አንድ ቀን ከቤታችን ውጭ ለሚያገኘው ለመጀመሪያው ባዕድ ይጠይቀዋል። እናቱ መልሱን ባታውቅ፣ «ልጄ፣ መልካም ጠየቅህ፤ እሑድ አብረን የንስሐ አባታችንን እንጠይቃቸው» ብትለው፣ ከጃንደረባው በረከት ተካፋይ ትሆናለች።

ለሚጠይቃችሁ መልስ ስጡ የሚለውን ትእዛዝ የጻፈው ጴጥሮስ፣ ሳይዘጋጅ መጠየቅ ምን እንደሆነ በራሱ ላይ ያየ ሰው ነው። ጌታ በተያዘባት ሌሊት እጁ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሰይፉን መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ የማልኮስን ጆሮ ቈረጠ። ጥቂት ቈይቶ ግን ዳኛ ሳይሆን በር ጠባቂዋ ገረድ፣ ከዚያም የከሰሉን እሳት ከብበው የሚሞቁት ሎሌዎች ሲጠይቁት፣ አንደበቱ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ለሃይማኖት የሚቈጣ እጅና ስለ ሃይማኖት የማይመልስ አንደበት በአንድ ሰው፣ በአንዲት ሌሊት! ዛሬም በክርክር ድምፃችንን ከፍ አድርገን ሰውን ስናሳፍር የምንቈርጠው ያንኑ የሚሰማበትን ጆሮ ነው። ስለዚህም ሐዋርያው ካረጀ በኋላ፣ መልስ ስጡ ብሎ ከማዘዙ ጋር፣ መልሱ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን የሚለውን አስከትሎ ጻፈው።

ወንጌላዊው ዮሐንስም ያን የከሰል እሳት ሁለተኛ ጊዜ ያነሣዋል። ከትንሣኤ በኋላ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን በሙሉ ደክመው አንዳች ሳይዙ ነግቶባቸው ነበር። ጌታ ግን በባሕሩ ዳር ቆሞ መረባቸውን የሚጥሉበትን ነገራቸውና መረቡ ሞላ፤ ጴጥሮስም ልብሱን ታጥቆ ወደ ባሕሩ ተወረወረ። ወደ ምድር በወጡ ጊዜ ፍሙ አስቀድሞ ተነድዶ፣ ዓሣው በላዩ ተቀምጦ፣ እንጀራውም ተዘጋጅቶ ቈያቸው። ከበሉም በኋላ ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ጠየቀው።