ስለ «የእኔ» ማለት

ሰው አንዱን ነገር «የእኔ ነው» ሲል ያዝሁት ማለቱ ነውን፥ ወይስ ተያዝሁበት ማለቱ? ይህን ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንት በብዙ ድካም ሲመረምሩት ኖረዋል፤ እኔ ግን የቱርክን ቋንቋ ሰዋስው ስማር ሳላስበው በአንዲት ታናሽ ቅጥያ ውስጥ አገኘሁት።

ቱርኮች ቤትን «ኤቭ» ይሉታል፤ «ኤቭዴ» በቤት፥ «ኤቭዴን» ከቤት፥ «ኤቪም» ቤቴ ማለት ነው። እኛ «በ»ንና «ከ»ን ከስሙ ፊት ስናስቀድም እነርሱ ሁሉን ከኋላ ያስከትላሉ፤ ይኸውም በሥርዓት ነው፤ «ኤቭሌሪሚዝዴን»፥ «ከቤቶቻችን»፥ ሲሉ አስቀድሞ ብዛቱ፥ ቀጥሎ ባለቤቱ፥ በመጨረሻ ስፍራው ይነገራል። የስፍራው ምልክት እንደ ነገሩ አካሄድ ሲለዋወጥ «የእኛ» የሚለው ግን ወደ ውስጥ ገብቶ፥ ለስሙ ቀርቦ ይኖራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ732 ዓ.ም. በሞንጎልያ ምድር ለጥንቱ የቱርክ መስፍን ለኩል ቲጊን የቆመው ሐውልትም እነዚህን የባለቤትነት ቅጥያዎች በድንጋይ ላይ ይዞ ይገኛል።

እኛ «የንጉሥ ቤት» ስንል ምልክቱን የሚሸከም ንጉሡ ነው፤ ግእዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል የሚለወጠው ቤቱ ነው፤ ቱርኩ ግን «ፓዲሻህን ኤቪ»፥ «የንጉሥ ቤቱ» እንደ ማለት፥ ሁለቱንም ምልክት ያሸክማቸዋል። (ግእዝም «ቤቱ ለንጉሥ» ሲል ወደዚሁ ይቀርባል።) በእኔ አስተያየት ይህ አነጋገር እውነቱን አብልጦ ይገልጣል፤ ንብረቱን በገመድ ያሰረ ሰው የገመዱን ሌላ ጫፍ በገዛ እጁ ጠምጥሞ ይዞታልና።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የ«አለኝ» ነገር ነው። እኛ «ቤት አለኝ» ብለን «እኔ»ን በህላዌው ቃል፥ በ«አለ» ላይ እናኖራለን፤ ቱርኩ በስሙ ላይ አኑሮ «ኤቪም ቫር»፥ «ቤቴ አለ» ይላል፤ ቤት የሌለውም «ኤቪም ዮክ»፥ «ቤቴ የለም» ይላል። ልጇ ወጣ ብሎ ሳለ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ ቢጠይቃት እናት «ኦሉም ዮክ» ብላ ልትመልስ ትችላለች፤ ወንድ ልጅ ከቶ ያልወለደችው መካንም «ኦሉም ዮክ» ትላለች። በአማርኛ የፊተኛይቱ «ልጄ የለም»፥ የኋለኛይቱ «ወንድ ልጅ የለኝም» ብለው ይለያያሉ፤ በቱርክ አፍ ግን መካኒቱም ያልተወለደውን «ልጄ» ብላ ከጠራችው በኋላ ነው የለም የምትለው። እንግዲህ ያልነበረን ነገር ማን ይይዘዋል? «የእኔ» የሚለው ቃል ሥልጣንን ሳይሆን ዝምድናን የሚናገር፥ ከማግኘትም የሚቀድም እንደ ሆነ ከዚህ ተረዳሁ።

ቱርኩ ፈጣሪውንም «ራቢም»፥ «ጌታዬ» ብሎ ይጠራዋል። «ኢም»ም «ኡም»ም ብትባል ቅጥያዋ አንዲት ናት፤ ነገር ግን «ጌታዬ» የሚል ሰው ጌታውን አይገዛም፥ ራሱን ያስገዛል እንጂ። ቀን ለጎረቤቷ «ኦሉም ዮክ» ያለችው መካን ሌሊት ለጸሎት ተነሥታ «ራቢም» ስትል፥ ልጇን የጠራችበት ያው ቅጥያ በአንደበቷ ላይ ነው።