ጨው አነሰው የማለት መብት

በአማርኛችን «ባለሙያ» የሚለው ቃል ጾታ አለው። «እገሌ ባለሙያ ነው» ሲባል «ምን? መሐንዲስ? ሐኪም? አናጢ?» ብለን እንጠይቃለን። «እገሊት ባለሙያ ናት» ሲባል ግን ጥያቄ የለም፤ ወጧ ይጣፍጣል ማለት ነው። ሴትየዋ አውሮፕላን አብራሪ ብትሆን እንኳ «ለመሆኑ ባለሙያ ናት ወይ?» ብላ የምትጠይቅ አማት አትጠፋም፤ የምትጠይቀውም ስለ በረራው ሳይሆን ስለ ዶሮ ወጡ ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይባል እንጂ በየቤታችን ሙያ በድስት ነው።

ይህን የማነሣው በዚህኛው ትርጉም «ባለሙያ» ለመባል የምጥር ወንድ ስለሆንኩ ነው። ከቆዩ መጽሔቶች የምግብ አዘገጃጀቱን ገጽ እየቀደድኩ አጠራቅማለሁ። ገጹ ሁልጊዜ የሚያወራው ከሴት ጋር ነው፤ «ባለቤትዎን ያስደስቱበት» ይላል። እኔም ትእዛዙን ተቀብዬ እሑድ እሑድ ባለቤቴን ላስደስት ወደ ማድ ቤት እገባለሁ። ባለቤቴ የላስታ ልጅ ናት፤ የምንኖረውም ላሊበላ ነው። እናም ምግብ ታማርጣለች። አንድ ጊዜ ጎርሳ ቆም ትልና «ሽንኩርቱ አልበሰለም»፣ «ይሄ ዘይት ዘይት ይላል»፣ «ጨው አነሰው» ትላለች። ክፉ ስትሆን ደግሞ «ይቺን ወረቀት ጣላት» ትላለች።

ጎረቤት ይህን ሲሰማ ለእኔ ያዝናል፣ በእሷ ይፈርዳል። «ወንድ ልጅ ሠርቶ አቅርቦላት ደግሞ ጨው አነሰው ትላለች?» ይባላል። ይህች ፍርድ ናት ነገሩን እንዳስብበት ያደረገችኝ። ሰው ደክሞ ሠርቶ ባቀረበልን ነገር ላይ «አልወደድኩትም» የማለት መብት ያለው ማን ነው? ምን ጊዜስ ነው?

አንደኛው መልስ በእጃችን ነው። ገበታ ንጉሥ ነው፤ በንጉሥ ፊት አይነወርም። ይህ ሕግ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ለገና ላሊበላ ይምጣ። ታኅሣሥ 29 ለሚውለው በዓል በእግሩ ቀናት ተጉዞ የሚመጣውን ምእመን አገሬው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል፤ ያለውን ያቀርብለታል። የገብስ ዳቦ ከሆነ የገብስ ዳቦ ነው፣ ንፍሮ ከሆነ ንፍሮ ነው። እንግዳው አያማርጥም፤ መርቆ ይበላል። ቢያማርጥ ነውር ነው። ምክንያቱም የቀረበለት ከትርፍ ላይ አይደለም፤ ከቤተሰቡ ጉሮሮ ተቀንሶ ነው። ይህ ሕግ ትክክል ነው፤ አንዲት ቃል አልጨምርበትም።

ግን የእንግዳ ሕግ ነው። እንግዳ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል፤ የማይወደውን ችሎ ቢያድር አይጎዳም። ሠላሳ ዓመት አብሮ የሚበላ ሰው በየቀኑ እየዋጠ «ይጣፍጣል» ካለ ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል ማለት ነው። ስንት ቤት አለ እንዲህ ያለ! ባል የሚስቱን ምላስ አያውቅም፤ ሚስት የባሏን አታውቅም፤ ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ይሉኝታ ለአንድ ቀን ግብዣ ጌጥ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ገበታ ግን አጥር ይሆናል።

ሁለተኛው መልስ የገንዘብ ነው። የከፈለ ያማርጣል። ይህ ዛሬ ለእኛ ግልጽ ይምሰል እንጂ ድሮ አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል በከፈቱ ጊዜ ምግብ በገንዘብ መግዛት እንደ ነውር ይታይ ስለነበረ ደፍሮ የሚገባ ሰው ጠፍቶ ነበር ይባላል። አጤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየገቡ ነው አሉ ያለማመዱት። የሚከፈልበት ገበታ ከተለመደ በኋላ ግን አዲስ ሰው ተወለደ፤ «ይሄን መልስልኝ፣ ያንን አምጣልኝ» የሚል ሰው። እዚሁ ላሊበላ፣ ሱዛን አይቺሰን የተባሉ የቤት አያያዝ መምህርት የነበሩ ስኮትላንዳዊት ከአገሬው ልጅ ጋር ሆነው ገደል አፋፍ ላይ «ቤን አበባ» የተባለውን ምግብ ቤት ሲከፍቱ («ቤን» በእሳቸው አገር ተራራ ማለት ነው) የአገራቸው የድንችና የሥጋ ምግብ ከእኛው ምግብ ጎን ቀረበ። ደስ ያለው ያንን፣ ደስ ያለው ይህን ያዛል። ማንም ማንንም አይቀየምም፤ ሒሳቡ ቂሙን ቀድሞ ዘግቶታል።

ታዲያ ቤት ውስጥ ሒሳብ የለም። የቤት ወጥ ዋጋ አይወጣለትም። ስለዚህ የማማረጥ መብትም የለም ልንል ነው? እንዲህ ካልን የሚወዱንን ሰዎች ከሚሸጡልን ሰዎች ያነሰ እውነት ልንነግራቸው ነው። ለአስተናጋጁ «ይሄ አልበሰለም» እንላለን፤ ለሚስታችን ግን እንዋሻለን። ፍቅር ከገበያ ያነሰ እውነት የሚገባው ከሆነ የፍቅር ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ጣዕም እኮ የየሰው ነው፤ እውነትና ውሸት የለውም። የአንቺ ምላስ እንዲህ አለ፣ የእኔ እንዲያ አለ፤ ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል» የሚል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዴቪድ ሂዩም የተባለው ፈላስፋ (እሱም ስኮትላንዳዊ ነው) በ1757 እ.ኤ.አ. ስለ ጣዕም መመዘኛ በጻፈው ድርሰት ከዶን ኪኾቴ የወሰዳት አንዲት ታሪክ አለች። ሁለት ሰዎች የአንድ በርሜል ወይን ጠጅ እንዲፈርዱ ተጠሩ። አንዱ ቀመሰና «ጥሩ ነው፤ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሌላውም «ጥሩ ነው፤ ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሳቀባቸው። በርሜሉ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንገቻ የታሰረበት አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

በእኛም ቤት ቁልፉ የተገኘበት ጊዜ አለ። መጽሔቱ ሩዙን በዚህን ያህል ደቂቃ፣ ባቄላውን በዚህን ያህል ብሎ ይወስናል፤ ባለቤቴ ደግሞ «አልበሰለም» ትላለች። ነገሩ የፊዚክስ ሆኖ ተገኘ። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍ ባልን ቁጥር ግን ቀድሞ ይፈላል። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ እሳት ብንጨምርበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከወጣን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ደቂቃ ለላስታ አይበቃም። መጽሔቱ ለራሱ አገር አልዋሸም፤ የባለቤቴ ምላስም ለእኛ አገር አልዋሸም። እኔ ከጨዋነት ብዛት የሚውጥ ቀማሽ ቢኖረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ጥሬ ባቄላ እንበላ ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1931 እ.ኤ.አ. አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በቤተ ሙከራው አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ ተነሣ። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው «መረረኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። ቢከራከሩ ኖሮ እስከ ምጽአት ባልተግባቡ። በኋላ ሲጠና ልዩነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑ ታወቀ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልዩነቱን የሚያመጣው ዘረ መል ተለየ። ከዚያ ዱቄት ጋር የሚዛመዱ ነገሮች በጎመን ዘሮች ውስጥ ይገኛሉ። «ጎመን በጤና» የምንለው ጎመን ለአንዱ ጎመን፣ ለሌላው እሬት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «አንቺ ታበዣለሽ» ከማለታችን በፊት እሷ የቀመሰችውን እኛ ጨርሶ ላንቀምሰው እንደምንችል እናስብ።

እንግዲህ ማማረጥ እውነት ሊሆን ከቻለ፣ ጎረቤት ለምን በእሷ ይፈርዳል? መልሱ ያ በመጀመሪያ ያነሣሁት ቃል ዘንድ ነው። በቆየው ልማዳችን አባወራው ቀድሞ ይቀርብለታል፤ ልጆች ይጠብቃሉ፤ የሠራችው ሴት መጨረሻ ላይ ከድስቱ ጥግ ትጠርጋለች። «ጨው አነሰው» የሚለው አባወራው ነው። እሱ ሲለው የቤቱ ሥርዓት ነው፤ ሚስት ትደነግጣለች፣ ጨው ይመጣል። ማንም «ሴት ልጅ ሠርታ አቅርባለት!» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ያችው ቃል ከሴት አፍ ስትወጣ ግን ጥጋብ ትባላለች። በአገራችን የማማረጥ መብት ከምላስ ጋር የተሰጠ ሳይሆን ከመቀመጫ ጋር የተሰጠ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ላስታ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ማማረጥ ማውራት አያሳፍርም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አለው መብት። በ1977ቱ ረሃብ ላስታና ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት ምድሮች ነበሩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ሕፃን ናት። ተሰፍሮ በተሰጠ የእርዳታ ስንዴ ነው የተረፈችው፤ ዛሬ የስንዴ ንፍሮ ሽታ ከደጅ ከመጣ መስኮት ትዘጋለች። አንድ ቀን ለምን እንደምታማርጥ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ አጭር ነው፦ «ያኔ ምን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

ይህን ስሰማ ስለ ማማረጥ የነበረኝ ሐሳብ ተለወጠ። ረሃብ ከሰው ላይ የሚወስደው ሥጋውን ብቻ አይደለም፤ «አልፈልግም» የምትለዋንም ቃል ይወስድበታል። ነፍስ የሚያድነው እህል የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን የተቀበለውን ሰው እጅ እንጂ ምላስ አይጠይቅም። ስለዚህ ከዚያ የተረፈ ሰው ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ በሙሉ ማዕድ ፊት ተቀምጦ «ይሄን አልወደውም» ሲል እህል መናቁ ላይሆን ይችላል፤ የተወሰደበትን ቃል ማስመለሱ ነው።

መናቅና መምረጥ ይለያያሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ደግሞ በክፉ ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ፣ መብራት ጠፍቶ ገበያ ነጥፎ ወራት ስንቆጥር፣ ያለን የገብስ ቆሎና ሽሮ ነበር። ያን ጊዜ ያቺ አማራጭ ሴትዮ አንድም ቀን «ጨው አነሰው» አላለችም። ቆሎዋን ቆጥራ ለጎረቤት ልጅ ታካፍል ነበር። የሚንቅ ሰው በክፉ ቀንም ይንቃል፤ የሚመርጥ ሰው ግን ምርጫ ሲጠፋ ምርጫውን አጥፎ ያስቀምጣል። እውነቱን ለመናገር ያ ዝምታዋ ከየትኛውም ትችቷ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። መብራት ተመልሶ እንደገና በከሰልና በምድጃ መሃል ሆኜ ከወረቀቴ አንዱን ስሞክር፣ ጎርሳ «ይሄ ነገር ዘይት ዘይት አይልም?» ስትል ነው ሰላም መሆኑ የገባኝ።

ይህ ማለት ግን ቀማሽ እንደ ልቡ ይናገር ማለት አይደለም። ዕዳ አለበት። መጀመሪያ መቅመስ፤ ሳይቀምሱ «አልወድም» ማለት ሰውየውን መግፋት ነው። ሁለተኛ በምግቡ ላይ እንጂ በሠራው ሰው ላይ አለመፍረድ፤ «ጨው አነሰው» እና «አንተ ድሮም አታውቅበት» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ወጡን ያስተካክላል፣ ሁለተኛው ቤት ያፈርሳል። ሦስተኛ ማመስገን፤ ያልጣፈጠ ምግብም ድካም ፈጅቷልና። እነዚህን የማያደርግ ያው የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው። አብሳይም ዕዳ አለበት፦ ድካሙን እንደ ብድር ቆጥሮ በምስጋና እንዲከፈለው አለመጠበቅ። «ይሄን ሁሉ ሠርቼ» የምትል ቃል ከገበታ ላይ ስትወጣ ምግቡ ስጦታ መሆኑ ቀርቷል፤ ደረሰኝ ሆኗል።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ ለጋባዡ ነው የምንናገረው፤ ፊትህን አታጥቁር ለማለት። እኔ ለተጋባዡም ይሠራል ባይ ነኝ። ፊቱ ሳይጠቁር «አልጣመኝም» ማለት የሚችል ሰው ከተገኘ፣ ይህንንም ፊቱ ሳይጠቁር የሚሰማ አብሳይ ከተገኘ፣ ያ ቤት እንግዳ የሌለበት ቤት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጨው ማቀበል ብቻ ነው።