ሞተሯ ቢለወጥ መኪናዋ ያችው ናት?

ነገሩን ለማስረዳት ከሊብሬ መጀመር ይሻላል። መኪና የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያች ደብተር ላይ ሁለት ቁጥሮች ሰፍረዋል፤ አንዱ የሻንሲ፣ ሌላው የሞተር። ጠንቃቃ ገዢ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ዘይት የጠጣውን ብረት በጨርቅ ጠርጎ፣ ቁጥሩን ከደብተሩ ጋር ያመሳክራል። ይህ ለእኛ የሕግ ጉዳይ ነው፤ መኪናው የስርቆሽ አለመሆኑን ማረጋገጫ። በአሜሪካ ግን የቁጥር መገጣጠም ለተወሰኑ አሮጌ መኪኖች ከዚያ አልፎ የክብርና የብዙ ሺህ ዶላር ጉዳይ ሆኗል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ የሚመነጨው ከዚያ ነው። አንድ ነገር ክፍሎቹ ሲለወጡ እስከ ምን ድረስ ያው ነገር ሆኖ ይቀራል? ላለፈው ጊዜ ታማኝ መሆንስ ምን ማለት ነው?

ጥያቄውን ከሩቅ ያመጣብኝ ቨርጂኒያ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ቀን ጋራዥ ይሠራል፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ሼቭሮሌ ካማሮ ያድሳል። ሲገዛት አካሏ ብቻ ነበር፤ ሞተር የላትም፤ ወንበሮቿን አይጥና ዝናብ ጨርሰዋቸዋል። ላሜራውን አቃንቶ ቀለም ካስቀባት በኋላ ሁለት ውሳኔዎች ቀሩት። ምን ሞተር ይግባላት? ውስጧስ እንዴት ይሁን? በስልክ ሲያማክረኝ፣ «የትኛውን ባደርግ ነው ውሸታም የማልባለው?» አለኝ። ከመካኒክ የማይጠበቅ ጥያቄ ነውና አብሮኝ ከረመ።

የጡንቸኞቹ ዘር

አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሏትን «ጡንቸኛ መኪና» ብንላት ያስኬዳል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ወጣት ሊገዛው በሚችል፣ መጠኑ መካከለኛ በሆነ ባለሁለት በር መኪና ውስጥ የትልቅ መኪና ሞተር መክተት። ብዙዎች የዘሩ መጀመሪያ ናት የሚሏት እ.ኤ.አ. ለ1964 የወጣችው ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። በዚያን ጊዜ ጄኔራል ሞተርስ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለት ከ5.4 ሊትር ገደማ፣ የበለጠ ሞተር በመካከለኛ መኪኖቹ እንዳይገባ የሚከለክል የውስጥ ደንብ ነበረው። ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን የ389 ኪዩቢክ ኢንቹን ሞተር «ደንበኛ ከፈለገ የሚታከል ምርጫ» ብለው አቀረቡና ደንቡን በጎን አለፉት። ስሟን እንኳ የወሰዱት ከፌራሪ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠች። በዚያው ዓመት የፎርድ ሙስታንግ፣ ለ1967 ደግሞ ካማሮ ገበያ ገቡ፤ እነርሱም እያደር ትልልቅ ሞተር ታጠቁ።

ዘመኑ አጭር ነበር። የ1970 የንጹሕ አየር ሕግ፣ የኢንሹራንስ ዋጋ መናርና የ1973ቱ የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ተደራርበው አከሰሙት። ዛሬ «ጥንታዊ» እየተባሉ የሚታደሱት መኪኖች የዚያ የዐሥር ዓመት ያህል ዕድሜ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። «የዚህች መኪና ሞተር ፈጽሞ መለወጥ የለበትም» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ይሁንና የዘሩ መነሻ ራሱ ሞተር መለወጥ ነው! ለዚያ አካል ያልታሰበ ሞተር ገባና ጡንቸኛዋ መኪና ተወለደች። ስለዚህ «የመጀመሪያውን ማክበር» ሲባል፣ መጀመሪያ የተገጠመውን ብረት ነው ወይስ መጀመሪያ የተደረገውን ድፍረት? ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሦስቱ ሞተሮች

በጓደኛዬ ፊት ሦስት ምርጫዎች ነበሩ። አንደኛው በዚያው በ1969 የተሠራ የ350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለት የ5.7 ሊትር ሞተር ፈልጎ ማደስ ነው። ብሎኩ ከባድ የብረት ውጤት ነው፤ ቤንዚን የሚቀበለው በካርቡራተር ነው፤ በብርድ ጧት ነዳጁን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማባበል ይጠይቃል። ሁለተኛው ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርቬት ያስተዋወቀው የኤልኤስ ሞተር ዘር ነው። የመጀመሪያው ኤልኤስ1 ይዘቱ ያው 5.7 ሊትር ቢሆንም ብሎኩ አሉሚኒየም፣ ነዳጅ አቅርቦቱ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ፣ ጉልበቱ 345 የፈረስ ጉልበት ነበር። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ሞተር መተካት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ ይኸኛው እንግዳ ነገር አይደለም።

የቀድሞው ሞተር ወዳጆች የሚመኩት በፋብሪካው ወረቀት ነው። የ1969 ካማሮ ኤስኤስ በ350ው ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት እንዳላት ተጽፎላታል። ግን ያ ቁጥር እንዴት ተለካ? ሞተሩ ከመኪናዋ ወጥቶ፣ ከተሽከርካሪው ማርሚታና ጉልበት ከሚቀሙት ተቀጥላዎች ነፃ ሆኖ ነው። በ1972 ልኬቱ ሞተሩ መኪና ላይ እንዳለ ሆኖ ይሁን ሲባል፣ በ1971 የሼቭሮሌ መግለጫ 330 የተባለለት የኮርቬት ኤልቲ1 ሞተር በ1972 255 ሆኖ ወጣ። የወረደው በአብዛኛው ጉልበቱ አይደለም፤ ጉራው ነው። እንግዲህ «የጥንቱ እውነተኛ ነው፣ የዛሬው አስመሳይ ነው» የሚለው ፍርድ ገና ከወረቀቱ ላይ ይናጋል።

በኤሌክትሪኩም በኩል የሚያስገርም ነገር አለ። ዶጅ የተባለው ኩባንያ የቪ8 ቻሌንጀርና ቻርጀር ምርቱን በ2023 መጨረሻ አቆመ። በፋንታቸው ያዘጋጃትን ኤሌክትሪክ ቻርጀር ቀደም ብሎ በ2022 ሲያስተዋውቅ፣ ሰው ሠራሽ የማርሚታ ድምፅ ገጠመላት፤ እስከ 126 ዴሲቤል ትጮኻለች ተባለ። የሚነድ ነገር ሳይኖር የሚነድ ማስመሰል! እኔ በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጸጥታው የራሱ ጠባይ ነው። ቅሬታዬ ጸጥ ያለው ሞተር በማንነቱ ማፈሩ ላይ ነው።

የቴሴዎስ መርከብና የአባት ቤት

ፕሉታርክ የተባለው የጥንት ጸሐፊ እንደሚነግረን፣ የአቴና ሰዎች ጀግናቸው ቴሴዎስ የተመለሰባትን ባለሠላሳ መቅዘፊያ መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀዋት ኖረዋል። ሳንቃዋ በበሰበሰ ቁጥር እያወጡ አዲስ ይተኩላት ነበር። ፈላስፎችም «ያችው ናት»፣ «አይደለችም» በሚል ለሁለት ተከፈሉ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 ነገሩን አከረረው። የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢገጥምባቸው፣ የቴሴዎስ መርከብ የትኛዋ ናት? ይህ በመኪናው ዓለም ተረት አይደለም። ዛሬ የ1969 ካማሮን ሙሉ አካል በአዲስ ላሜራ ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ አለ። ከአሮጌዋ የቀረው የቁጥር ሰሌዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን ሰሌዳ መፋቅና ማዛወር ደግሞ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ለእኔ ከመርከቧ ይልቅ የባላገር ጎጆ ይቀርበኛል። የሣር ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ምስጥ የበላው ማገር ይወጣል፤ ግድግዳው እንደገና ይመረጋል። ልጅየው ግን ሸምግሎም «የአባቴ ቤት» ይለዋል፤ ውሸታም የሚለውም የለም። ለምን? ክዳኑ ሲለወጥ መንደሩ ሁሉ ያያልና። ደቦ ወጥቶ ያግዛል፤ ጠላ ይጠጣል፤ የትኛው እንጨት መቼ እንደተተካ የሚያስታውስ ጎረቤት አይጠፋም። ቤቱን ያው ቤት አድርጎ ያቆየው የእንጨቱ ዕድሜ አይመስለኝም፤ ለውጡ በግልጽ መደረጉና ታሪኩ ሳይቆረጥ መተረኩ ነው።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ከራሱ ከመኪናው ገበያ ላምጣ። ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተባለው የ1968 ፊልም የነዳት አረንጓዴ ሙስታንግ በ2020 ለጨረታ ቀርባ፣ ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባታል። እንደ አዲስ የታደሰች አልነበረችም። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ዝገት የነካካት፣ አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ለዕለት ሥራ የነዳት ናት። «ከፋብሪካ እንደወጣች» እንኳ አይባልላትም፤ ፊልም ሠሪዎቹ ካሜራ ለመግጠም የበየዱት ብረት ከሥሯ አለ። ገዢው የከፈለው፣ ጠባሳዋ ሁሉ ምክንያቱ ስለሚታወቅ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጭንቀት ልድረስ። በ1969ኙ ሼቭሮሌ ላይ የመኪናዋ መለያ ቁጥር ከፊሉ በሞተሩ ብሎክ ፊት ለፊት፣ በተሳፋሪው ወገን ባለች ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተመትቶ ነበር። ይህ ከአካሏ ቁጥር ጋር የገጠመላት መኪና ዋጋዋ ሌላ ነው። ጓደኛዬ በዚያው ዓመት የተሠራ ሞተር ሲያገኝ፣ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ፣ «የቀድሞውን ቁጥር ፍቄ የመኪናህን ልምታልህ» አለው። ክርክሩም ቀላል አይደለም፤ «ሞተሩ ያው ዓይነት፣ ዓመቱም ያው። ማን ይጎዳል?»

እስቲ እንመርምረው። ሁለቱ ሞተሮች በእርግጥ እኩል ከሆኑ ቁጥሩን መምታት ለምን አስፈለገ? ካስፈለገ ደግሞ ገዢው የሚከፍለው ከብረቱ ሌላ ለሆነ ነገር ነው፤ ይኸውም «ይህ ሞተርና ይህ አካል ከአንድ ፋብሪካ አብረው ወጡ» ለሚለው ታሪክ። ያ ታሪክ ደግሞ አልተፈጸመም። ስለዚህ የተሸጠው ያልነበረ ነገር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? አዋቂ ሰው በፋብሪካው መሣሪያ ብሎኩ ላይ የቀሩትን ቀጫጭን ጭረቶች አይቶ መፋቁን ይደርስበታል። ባይደርስበትም ግን ውሸቱ ውሸት ነው። እንግዲህ ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር፤ ከሦስቱ የፈለግኸውን አስገባ፤ አንዱም ክህደት አይሆንም። ክህደቱ ያለው በመዶሻውና በቁጥር መምቻው ላይ ነው።

ከኋላ የሚቀመጠው

የሞተሩ ነገር የእውነት ጥያቄ ከሆነ፣ የውስጧ ነገር የባልንጀራ ጥያቄ ነው። ሞተርን መንገደኛ ይሰማዋል፤ ኮፈን ተከፍቶ ይደነቅበታል። ወንበር ላይ ግን ሰው ይቀመጥበታል።

የ1969ኟ ካማሮ ውስጥ በዘመኑ ሕግ የተቃኘ ነው። ራልፍ ናደር በ1965 በመኪና ፋብሪካዎች ላይ የጻፈው መጽሐፍ አገር ካነቃነቀ በኋላ፣ ከ1968 መጀመሪያ አንሥቶ በአዳዲስ መኪኖች የወንበር ቀበቶ፣ ከ1969 መጀመሪያ ደግሞ በፊት ወንበሮች የራስ መደገፊያ ግዴታ ሆነ። የኋላ ወንበር ግን የሚያገኘው ወገብ የሚይዝ ቀበቶ ብቻ ነበር። ኒልስ ቦሊን የተባለው የቮልቮ መሐንዲስ ትከሻና ወገብ አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ በ1959 አውጥቶት፣ ኩባንያውም ሌሎች እንዲጠቀሙበት ፈቅዶ ሳለ ማለት ነው። ተጨማሪ ላልከፈለ ገዢም ፍሬኑ በአራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን ነበር።

ንጹሕ ታዳሽ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሁሉ እንዳለ መመለስ ይፈልጋል። ብቻውን የሚነዳ ከሆነ መብቱ ነው፤ በራሱ ሕይወት ላይ የወሰነው እርሱ ነው። ጓደኛዬ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችው፤ መኪናዋ ስታልቅ ከኋላ የምትቀመጠውም እርሷ ናት። ልጅቱ ስለ 1969 ታማኝነት የገባችው ቃል የለም። ጥንታዊነትን የመረጠው አባት ሆኖ፣ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅ ከሆነች፣ ያ ለታሪክ ማድላት መባሉ ቀርቶ በሌላ ሰው አንገት መቀማጠል ይሆናል። ስለዚህ የኋላው ቀበቶ ትከሻንም ይያዝ፤ ስስ ላሜራ ላይ በቡሎን ብቻ ከማሰር ይልቅ ሥሩ ወፍራም ብረት ይበየድለት። የሞተሩን ጉልበት ያበዛም ሰው ፍሬኑን በዚያው ልክ የማሻሻል ዕዳ አለበት፤ መንገድ ላይ የሚያገኘው እግረኛም ባልንጀራው ነውና።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ሁለት ቃል ነው። ለሞተሩ ግልጽነት፣ ለውስጡ ርኅራኄ። ምን ሞተር እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተለወጠ በአንድ ደብተር ይጻፍና ከመኪናዋ ጋር ይኑር፤ ነገ የሚገዛት ሰው የጎጆውን ክዳን ሲለወጥ እንዳየው ጎረቤት ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወንበሩ በጥቁር ፕላስቲክ ይለበስ ወይስ በዚያ ዘመን ተወዳጅ በነበረው ነጭና ጥቁር ዳማ መሳይ ጨርቅ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ፍልስፍና የሚለው ነገር ያለ አይመስለኝም። ጓደኛዬ ለልጁ አሳይቷት ዳማውን መርጣለች ብሎኛል።