እርስዎ ይቅደሙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአገራችን ሁለት ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» እየተባባሉ ጥቂት ይቆማሉ። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ተነሥቶ «ኖር» ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሲለቁት ተመልሶ የሚዘጋ በር በዝቷልና፣ ከኋላ ለሚመጣው በሩን ይዞ መቆየትም ከዚሁ ጨዋነት ይቆጠራል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በላከው መልእክት (12፥10) አንዱ ሌላውን በማክበር እንዲቀድም ያስተምራል። ዓለም ለመቅደም ይሽቀዳደማል፤ ክርስቲያን ግን የሚሽቀዳደመው ሌላውን ለማስቀደም ነው። ይህን ትልቅ ትምህርት በየቀኑ የምንለማመደው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አለ። በሩን የምንይዘው ለማን ነው? ለመምህሩ ይያዛል፤ ለጓደኛ ይያዛል፤ ልብሱ ላማረውም ይያዛል። በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው መወልወያ ይዛ ለምትመጣው የጽዳት ሠራተኛ ግን በሩ ፊቷ ላይ ሲዘጋ ይታያል። ሁለት እጇ የተያዘው እርሷ ናት፤ መምህሩማ ራሱ መክፈት ይችላል። እንግዲህ ለትልልቆች ብቻ የምንከፍት ከሆነ ነገሩ ትሕትና መሆኑ ቀርቶ እጅ መንሻ ይሆናል።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የገሠጸው ይህንኑ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰውና ያደፈ ልብስ የለበሰ ድኻ ወደ ጉባኤ ሲገቡ፣ አንዱን በክብር አስቀምጠው ሌላውን የሚያቆሙትን በክፉ አሳብ የሚፈርዱ ዳኞች ብሏቸዋል። አባታችን አብርሃም ግን በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎችን ባየ ጊዜ ማንነታቸውን ሳይጠይቅ ሊቀበላቸው ሮጠ (ዘፍ. 18)። ልብስና ማዕረግ ሲመረምር ቢቆይ ኖሮ ያ ሁሉ በረከት ባመለጠው ነበር።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ መገፋፋት ይቅር። በምርኩዝ የሚሄዱት አባት፣ ዘንቢል የያዙት እናት፣ ሕፃን ያዘለችው እኅት ይቅደሙ። አመሰገኑን ወይም ዝም ብለው አለፉ ብለን አንቍጠር። ክርስቶስ በደጃችን ቆሞ ያንኳኳል (ራእ. 3፥20)፤ ለታናናሾች የተከፈተ በርም ለእርሱ የተከፈተ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።